አንዲት ካርቦን የሠራችው ሥራ

ሜቲል ትባላለች። አንዲት ካርቦን፣ በዙሪያዋ ሦስት ሃይድሮጂኖች፤ ሌላ ምንም የላትም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ፣ ሲባ-ጋይጊ በተባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የመድኃኒት ኬሚስቱ ዩርግ ዚመርማንና ባልደረቦቹ ይህችን ሜቲል በአንድ ሞለኪውል ጎን ላይ ለጠፏት። ሞለኪውሉ እስከዚያ ድረስ ይይዘው የነበረውን ኢንዛይም ለቀቀ። ሌላውን፣ የደም ካንሰር የሚያመጣውን፣ ግን አጥብቆ እንደያዘ ቀረ።

ከዚያ ሞለኪውል የተገኘው መድኃኒት ኢማቲኒብ ይባላል፤ በገበያ ስሙ ግሊቬክ። በ2001 ለሕዝብ ሲቀርብ ጋዜጦችና መጽሔቶች ጥይት ብለው ጠሩት። ምሳሌው ለርዕስ ያምራል እንጂ እኔ አልተስማማኝም። ጥይት ተተኩሶ የሚያልፍ ነገር ነው። ይህ መድኃኒት የሚሠራው ግን በበር ማጠፊያ ውስጥ ሽብልቅ ወሽቆ በሩ እንዳይንቀሳቀስ እንደማድረግ ያለ ሥራ ነው። ሽብልቁ ከወጣ በሩ እንደገና ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ የማብራራው ሽብልቁ እንዴት እንደተጠረበ ነው፤ ስለ መድኃኒቱ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚታለፈው ይህ ክፍል ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ኢንዛይም። ጠላ የጠመቀ ሰው ስሙን ባይሰማም ኢንዛይምን ያውቀዋል። ገብሱ በቅሎ ብቅል ሲሆን በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆራርጡታል፤ እርሾው ስኳሩን ተቀብሎ ይቀጥላል። ኢንዛይም ማለት እንዲህ የኬሚካል ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ገላው ላይ ኪስ የመሰለ ስርጉድ ቦታ አለው። የሚሠራበት ነገር እዚያ ይገባል፣ ተሠርቶ ይወጣል፣ ሌላው ይተካል። ኪሱ ውስጥ የማይወጣ ነገር ከተሰካበት ግን ሥራው ይቆማል። የተሰበረ ቁልፍ የቀረበትን ቀዳዳ አስቡ፤ ትክክለኛው ቁልፍ ቢመጣም መግቢያ የለውም። ኢንዛይም ገቺ የሚባሉት መድኃኒቶች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አስፒሪንም ሆነ አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖች ከዚሁ ወገን ናቸው።

ከኢንዛይሞች መካከል ካይኔዝ የሚባሉት ሥራቸው ማኅተም መምታት ነው። መሥሪያ ቤት ሄዶ ጉዳይ ያስፈጸመ ሰው እንደሚያውቀው ወረቀት ያለ ማኅተም ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ አይሄድም። በሕዋስ ውስጥም “ተከፈል”፣ “እደግ”፣ “ቁም” የሚሉት ትእዛዞች ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን የሚተላለፉት በአብዛኛው ፎስፌት የምትባል ቁራጭ ስትለጠፍባቸው ነው። የሚለጥፋት ካይኔዝ ነው። እርሱ ደግሞ ፎስፌቷን የሚወስደው ኤቲፒ ከሚባለው ሞለኪውል ነው፤ የማኅተሙ ቀለም በሉት። በ2002 በወጣው ቆጠራ መሠረት በሰው አካል ውስጥ 518 ዓይነት ካይኔዞች አሉ። ሁሉም የሚጠቀሙት አንዱን ቀለም ነው። ይህን ያዙልኝ፤ የኬሚስቶቹ ራስ ምታት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በሽታው ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ይባላል። መቅኔ ነጭ የደም ሕዋሳትን ያለ ልክ ያመርታል። ታማሚው ይደክመዋል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ጣፊያው አብጦ በግራ ጎድኑ ሥር ይከብደዋል። ቀድሞ ጥቂት ዓመታት በዝግታ ይቆይና በድንገት ወደ ኃይለኛ የደም ካንሰር ይለወጥ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ የሚቆጠረው በወራት ነበር።

በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በፊላዴልፊያ ሆነው የእነዚህን ታማሚዎች ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ከመጠን በላይ ያጠረ ክሮሞሶም አገኙ። በከተማዋ ስም የፊላዴልፊያ ክሮሞሶም ተባለ። ለምን እንዳጠረ ያወቀችው በ1973 በቺካጎ ትሠራ የነበረችው ጃኔት ራውሊ ናት፤ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ጫፎቻቸውን ተለዋውጠዋል። የተቆረጡት ጫፎች በስሕተት ሲጋጠሙ ሁለት የማይዛመዱ ዘረመሎች አንድ ሆኑ፤ ቢሲአር እና ኤብል። ኤብል በተፈጥሮው ካይኔዝ ነው፤ ልጓም ያለው፣ ሲታዘዝ ብቻ ማኅተም የሚመታ። ከቢሲአር ጋር ሲጣበቅ ልጓሙ ይፈታል። ቀንና ሌሊት “ተከፈል” የሚል ትእዛዝ እያተመ የሚያወጣ ጸሐፊ ይሆናል። በ1990 የዴቪድ ባልቲሞር ቤተ ሙከራ ይህን የተጣመረ ዘረመል በአይጦች መቅኔ ውስጥ አስገብቶ በሽታውን እንደሚያመጣ አሳየ። ጥፋተኛው አንድ ኢንዛይም ነበር። በካንሰር ዓለም እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር ብርቅ ነው።

እንግዲያው ኢንዛይሙን መግታት ነው፣ ይባላል። ለማለት ይቀላል። በዚያን ጊዜ የነበሩት አብዛኞቹ ሊቃውንት የማይሆን ነው ይሉ ነበር፤ ክርክራቸውም ሞኝነት አልነበረም። 518ቱ ካይኔዞች በአንድ ቀለም የሚጠቀሙ ከሆነ የቀለሙ ኪስ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው። በአንዱ ኪስ የሚገባ መድኃኒት በሁሉም ይገባል። ያ ደግሞ ልብንም አንጀትንም አእምሮንም የሚያቆም መርዝ ነው።

የመድኃኒት ኬሚስት የሚባለው ባለሙያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከፋርማሲስት ጋር አይምታታ። ፋርማሲስቱ ያለውን መድኃኒት ያውቃል፣ ያድላል፤ የመድኃኒት ኬሚስቱ ገና የሌለውን ሞለኪውል ይሠራል። ከአንድ ደካማ መነሻ ተነሥቶ፣ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት አተሞች ጨምሮ፣ ሌላ ቦታ ቀንሶ፣ አዲሱን ውህድ አጣርቶ፣ አድርቆ፣ ለባዮሎጂ ባልደረቦቹ ይልካል። እነርሱ ኢንዛይሙ ላይ ሞክረው ቁጥር ይመልሱለታል። ተሻለ ወይስ ባሰ? ከዚያ እንደገና ከመነሻው። ወጥ ስትቀምሱ አንድ ጊዜ ጨው ብቻ፣ ሌላ ጊዜ በርበሬ ብቻ እየለወጣችሁ በመቶ ድስት ብትሞክሩ ማለት ነው፤ ግን አንዱን ድስት ለማብሰል ሳምንት ይፈጃል።

በባዝል አሌክስ ማተርና ኒኮላስ ላይደን የሚመሩት ቡድን መነሻውን ያገኘው ሌላ ኢንዛይም ሲፈልግ ነው። ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለውን የሚገታ ውህድ ሲያስሱ ፊኒልአሚኖፒሪሚዲን የሚባል ዘር ወጣ። ደካማ ነበር፤ መራጭም አልነበረም። ጥሩ ጎኑ ኬሚስቶች እንደልባቸው ሊቀጥሉበት የሚችሉ ብዙ ቦታዎች ያሉት ትንሽ ሞለኪውል መሆኑ ነበር።

በአንደኛው ጫፍ ፒሪዲን የተባለ ቀለበት ሲጨመር ውህዱ በሕያው ሕዋስ ውስጥም መሥራት ጀመረ። በሌላው ጫፍ አማይድ የሚባል ማያያዣ ሲገባ ኤብልን ጨምሮ ታይሮሲን ካይኔዝ የሚባሉትን መያዝ ጀመረ። ነገር ግን ፕሮቲን ካይኔዝ ሲንም አልለቀቀም፤ ሁለት ጌታ የሚያገለግል ውህድ ሆነ። ያን ጊዜ ነው ሜቲሏ የመጣችው።

ምን እንደሠራች በቅርበት እንይ። ሞለኪውሉ በሁለት ጠፍጣፋ ቀለበቶች መካከል በአንዲት ናይትሮጂን የተያያዘ ነው። ቀለበቶቹ በማያያዣቸው ዙሪያ እንደፈለጉ ይዞራሉ፤ ብዙ ዓይነት አቋም መያዝ ይችላሉ። በታክሲ የኋላ ወንበር ሦስት ሰው ተመቻችቶ ተቀምጦ ሳለ ረዳቱ “ጠጋ ጠጋ በሉ” ብሎ አራተኛ ሲጨምር የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ሁሉም ትከሻውን ዘወር አድርጎ በጎኑ ይቀመጣል፤ ወደ ቀድሞው አቀማመጥ ለመመለስ ቦታ የለም። ሜቲሏም በመጋጠሚያው አጠገብ ስትገባ ቀለበቱን ገፍታ ዘወር አደረገችው። ዘወር ያለው ሞለኪውል በፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ኪስ ውስጥ መግባት አልቻለም። በኤብል ኪስ ውስጥ ግን ገባ። ኬሚስቶቹ ባንዲራ የመሰለች ስለሆነች “የባንዲራ ሜቲል” ይሏታል።

ሞለኪውሉ መራጭ ሆነ፤ ግን በውሃ አይሟሟም። የማይሟሟ ነገር ደግሞ ተውጦ ደም ውስጥ አይገባም፤ እንዲህ ያለ ውህድ በብልቃጥ ውስጥ ጀግና፣ በሰው ሆድ ውስጥ አሸዋ ነው። ስለዚህ ፒፐራዚን የሚባል ውሃ ወዳድ ቀለበት በጫፉ ላይ ተቀጠለ። በቀጥታ ቢቀጠል ዘረመልን ሊጎዳ የሚችል ቅርጽ ይፈጥራል የሚል ሥጋት ስለነበር በመካከል አንዲት ካርቦን እንደ ድልድይ ገባች። በመጨረሻም በጨው መልክ ተዘጋጀ። እንዲህ ሆኖ የተጠናቀቀው ኢማቲኒብ 29 ካርቦን፣ 31 ሃይድሮጂን፣ 7 ናይትሮጂንና 1 ኦክስጂን ያለው ሞለኪውል ነው። የተዋጠው ሁሉ ማለት ይቻላል ደም ውስጥ ይገባል፤ በደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ 18 ሰዓት ያህል ስለሚቆይ በቀን አንድ ጊዜ መዋጥ ይበቃል። እነዚህ ሁሉ በዕድል የመጡ ባሕርያት አይደሉም፤ እያንዳንዱ አተም ለምን እንደተቀመጠ የሚናገር ሰው አለው።

በአሜሪካ ኦሪገን የነበረው ሐኪም ብሪያን ድሩከር የላይደንን ውህዶች ተቀብሎ በታማሚዎች ሕዋስ ላይ ሞከረ። በ1996 በወጣው ውጤት መሠረት ቢሲአር-ኤብል ያለባቸው ሕዋሳት የሚፈጥሩት መንጋ ከ92 እስከ 98 በመቶ ሲቀንስ ጤነኞቹ አልተነኩም። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የመዘግየት ታሪክ ነው። ሲባ-ጋይጊ ከሳንዶዝ ጋር ተዋሕዶ ኖቫርቲስ ሆነ፣ በእንስሳት ላይ የጉበት ጉዳት ታየ፣ ታማሚው ጥቂት ስለሆነ ገበያው አያዋጣም የሚል ሥሌትም ነበር። ሙከራው በሰው ላይ የተጀመረው በሰኔ 1998 ነው። በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ታማሚዎች በ53ቱ የደም ቆጠራው ወደ ጤናማ መጠን ተመለሰ። ወሬው በታማሚዎች ዘንድ በኢንተርኔት ተዳረሰና መድኃኒቱ በብዛት እንዲመረት የሚጠይቅ ከ3 ሺህ በላይ ፊርማ ያለበት ማመልከቻ ለኩባንያው ኃላፊ ቀረበ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የኩባንያው የፈቃድ ጥያቄ ከቀረበለት ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 10 ቀን 2001 ፈቀደ።

አሁን ወደ ሽብልቁ እንመለስ። በ2000 የጆን ኩሪያን ቤተ ሙከራ ኤብልና ለመድኃኒቱ በጣም የሚቀርብ ውህድ ተጣምረው ያሉበትን ቅርጽ በኤክስሬይ አወጣ። የታየው ነገር የብዙዎችን ግምት አፈረሰ። ኢማቲኒብ ሥራ ላይ ያለውን ኤብል አይደለም የያዘው፤ የተኛውን ነው። ካይኔዝ ሲሠራ አንድ ቅርጽ፣ ሲያርፍ ሌላ ቅርጽ አለው፤ በየቅጽበቱ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ሲሠሩ ሁሉም አንድን ቀለም ስለሚይዙ ይመሳሰላሉ። ሲተኙ ግን የአንዱ አተኛኘት ከሌላው ይለያል። ኢማቲኒብ ኤብል በተኛበት ቅጽበት ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ እንዳይነቃ ይሸበልቀዋል። “አንድ ቀለም ስላላቸው መምረጥ አይቻልም” ለሚለው ክርክር መልሱ ይህ ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ኬሚስቶቹ ውህዱን ሲሠሩ ይህን ቅርጽ አይተውት የማያውቁ መሆናቸው ነው። በቁጥር ብቻ እየተመሩ፣ በጨለማ እየዳበሱ፣ ልኩን ጠረቡት።

የዚህ ዓይነቱ ጥርበት ደካማ ጎኑ ግን ከጥንካሬው ጋር አንድ ነው። ልክክ ብሎ የገባ ነገር ቦታው በጥቂቱ ከተለወጠ አይገባም። በ2001 የቻርልስ ሶየርስ ቡድን መድኃኒቱ የከዳቸውን ታማሚዎች መርምሮ በኤብል ሰንሰለት ላይ 315ኛዋ አሚኖ አሲድ እንደተለወጠች አገኘ። በቦታው የነበረው ትሪዮኒን ነው፤ ከኢማቲኒብ ጋር የሚያስተሳስረው አንዲት ኦክስጂን አለችው። በዘረመሉ ውስጥ አንዲት ፊደል ስትሳሳት በምትኩ አይሶሉሲን ይመጣል፤ ያቺ ኦክስጂን የለችውም፣ ደግሞም ወፈር ያለ ነው። መያዣው ጠፋ፣ መግቢያውም ጠበበ። ሳይንቲስቶች ይህችን ቦታ “የበር ጠባቂ” ይሏታል። ዘበኛው ተቀየረ፤ አዲሱ ደግሞ መግቢያው ላይ ተንዘራፎ ተቀምጧል።

ቀጥለው የመጡት ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብ ሌሎቹን ብዙ ለውጦች ቢያሸንፉም ይህን ዘበኛ አላለፉትም። መፍትሔው እንደገና ከኬሚስት ጠረጴዛ መጣ። በ2012 የተፈቀደው ፖናቲኒብ በመካከሉ ሁለት ካርቦኖች በሦስት እጥፍ ማሰሪያ የተያያዙበት ክፍል አለው። እንዲህ ያለው ማሰሪያ ቀጥ ያለና ቀጭን ስለሆነ እንደ መርፌ በወፍራሙ ዘበኛ ጎን ሾልኮ ያልፋል። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ እንደዚህ ያማረ ነገር አላውቅም። ውበቱ ግን ዋጋ ነበረው፤ ፖናቲኒብ የደም ሥር መዘጋት እንደሚያስከትል ታይቶ በ2013 በአሜሪካ ሽያጩ ለጊዜው ቆሞ፣ በጥብቅ ማስጠንቀቂያ ተመልሷል። በ2021 የተፈቀደው አሲሚኒብ ደግሞ ከዘበኛው ጋር መታገሉን ጨርሶ ትቶታል። በኢንዛይሙ ጀርባ በኩል ያለ፣ ኤብል በተፈጥሮው ልጓሙን የሚይዝበት ሌላ ኪስ አለ። አሲሚኒብ እዚያ ገብቶ የጠፋውን ልጓም ይተካል።

ታሪኩ በሁሉም ካንሰር ይደገማል ብሎ ተስፋ ማድረግ ስሕተት ነው፤ በዚህ ረገድ የ2001ዱ ጩኸት ብዙ ሰው አሳስቷል። ይህ በሽታ ቢያንስ በመጀመሪያው ደረጃው የአንድ ኢንዛይም በሽታ ነው። ኢማቲኒብ ኪት የሚባለውንም ካይኔዝ ስለሚገታ ለአንድ ዓይነት የጨጓራና የአንጀት ዕጢ ጠቅሟል። የሳንባና የጡት ካንሰርም የራሳቸውን ካይኔዝ ገቺዎች አግኝተዋል። ነገር ግን በእነዚያ ዕጢዎች ውስጥ የተበላሸው ነገር ብዙ ነው፤ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል።

ኪትን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥቁር ቆዳ ላለው ታማሚ ይጠቅመዋልና። ኪት ለቆዳ ቀለም አምራች ሕዋሳትም ያስፈልጋል። ስለዚህ ኢማቲኒብ የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ቆዳቸው ይገረጣል። የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ የጡንቻ መሸማቀቅና ማቅለሽለሽም የተለመዱ ናቸው። የቆዳው መገርጣት ግን ያልተነገረውን ሰው ያስደነግጣል፤ ሽብልቁ ሌላ በርም በጥቂቱ እንደነካ የሚያሳይ ምልክት ነው።

ዋጋውስ? ሲወጣ በወር ወደ 2 ሺህ 400 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱም እየጨመረ ሄደ። ከአንዲት ካርቦን ብልሃት ይህን ያህል መጠየቅ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሙግት አላባራም። በ2013 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው በመድኃኒቱ አንድ የክሪስታል ቅርጽ ላይ የጠየቀውን የፈጠራ መብት ውድቅ አደረገ፤ የሕንድ አምራቾች በርካሽ መሥራታቸውን ቀጠሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በኢትዮጵያ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሰዎች መድኃኒቱን ያገኙ የነበረው ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ለብዙ አገሮች በዘረጋው የነጻ አቅርቦት መርሃ ግብር አማካይነት ነው። በዚያ መንገድ ባይመጣ ኖሮ ለአብዛኛው ታማሚ ስሙን ሰምቶ የሚቀር ነገር ይሆን ነበር።

መድኃኒቱ ጨጓራን ስለሚያስቆጣ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። የሚጾም ታማሚ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያለበት ለዚህ ነው፤ ክኒኑን መዝለል ግን ሌላ ነገር ነው። በ18 ሰዓት ግማሹ ይወጣል፤ ጥቂት ቀን ከታለፈ ሽብልቁ ይነቀላል፣ ኢንዛይሙም ማኅተሙን ያነሣል። በፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሽታው በምርመራ ሊታይ እስከማይችል ድረስ ለሁለት ዓመት የጠፋላቸውን ታማሚዎች በቅርብ ክትትል መድኃኒቱን አስቁመዋቸው ነበር። በዓመቱ ከመቶ ወደ 40 የሚሆኑት ያለ ክኒን ደህና ነበሩ። በሌሎቹ በሽታው ተመለሰ፤ አብዛኛው የተመለሰውም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። ክኒኑን እንደገና ሲጀምሩ እንደገና ተገታ።